እናቴ ስትጠራኝ አልሰማኋትም

እኔ አለሁ። ቀኝ ጆሮዬም እንደ ወትሮው «ጭርርር...» እያለ አለ። (ስለሱ ቆየት ብዬ አጫውታችኋለሁ።)

ለዚህ ሳምንት ያዘጋጀሁት ጽሑፍ ሌላ ነበር። ስለ ሽምግልና ወጪ ጽፌ ጨርሼ፣ በራሴ ቀልድ ራሴ ስቄ ነበር። ማክሰኞ ዕለት ግን አንድ መልእክት ደረሰኝና ሽማግሌዎቹን ለሌላ ሳምንት ቀጠርኳቸው። ባለመልእክቱ ስሙም ሰፈሩም እንዳይጠቀስ ስለለመነኝ «ልጁ» እያልን እንቀጥላለን። ረዘም ስለሚል እዚህም እዚያም ቀንሼለታለሁ፤ አነጋገሩን ግን አልነካሁበትም።

«ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። ዕድሜዬ 22 ነው። ቀን እሠራለሁ፣ ማታ እማራለሁ። ከእናቴና ከሁለት እህቶቼ ጋር የምንኖረው አንዲት ክፍል ውስጥ ነው፤ መሀሉን በመጋረጃ ከፍለነዋል። በግራ በኩል ብረታ ብረት ቤት አለ፤ ግራይንደሩ እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት ይጮሃል። እሱ ሲያበቃ በቀኝ በኩል ያለው ግሮሰሪ ይጀምርና እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ ግድግዳችንን ይደበድበዋል። ማጥናት ስላልቻልኩ ሦስት ወር ቆጥቤ ጆሮ ውስጥ ገብቶ የሚደፍን ማዳመጫ ገዛሁ። የመጀመሪያ ቀን ሳደርገው ዕንባዬ ነው የመጣው። ቤታችን እንደዚያ ጸጥ ብሎ አያውቅም። የግሮሰሪው ቤዝ ትንሽ ትንሽ ስለሚገባ እሱን ለመሸፈን ዘፈን የሌለበት ሙዚቃ እከፍትበታለሁ።

እናቴ አስም አለባት። የዛሬ ወር ገደማ፣ እህቶቼ አክስቴ ዘንድ ባደሩበት ሌሊት፣ እኔ ከመጋረጃው ወዲህ ማዳመጫዬን አድርጌ ሳጠና ተነሣባት። ፓፏ አልጋ ሥር ወድቆባታል። ጠራችኝ። ደግማ ጠራችኝ። አልሰማኋትም። ግድግዳውን በጫማ ስትመታ የሰሙት ከኋላችን ያሉት ሴትዮ ናቸው። እሳቸው መጥተው በሩን ሲደበድቡ ድምፁን አልሰማሁም፤ በሩ ሲነቃነቅ አየሁና ከፈትኩ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ እማዬ ተርፋለች።

እሷ ግን ያን ሌሊት ተኝቼ የነበርኩ ነው የሚመስላት። ለጎረቤቱ ሁሉ ‹ልጄ እኮ ሥራው አድክሞት እንቅልፉ ከባድ ነው› እያለች ታወራለች። ሴትዮዋ ማዳመጫውን አይተውብኛል፤ እስካሁን ግን ምንም አላሉም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቁም ሣጥን ላይ ወርውሬው አልነካሁትም። ፈተናዬ ደግሞ ደርሷል። ጥያቄዬ አንድ ነው፤ ግሮሰሪውን ዘግቶ እናቴን የሚያስገባ ማዳመጫ አለ ወይ?»

መልእክቱን ጨርሼ ስልኬን ጠረጴዛው ላይ ደፋሁት። እኔም እናት አለችኝ። እኔም ጆሮዬን ደፍኜ የምውልበት ቀን አለኝ።

በአንድ ቃል ብመልስለት ደስ ባለኝ። ግን «አለ» ብለው ትክክል አይሆንም፣ «የለም» ብለውም ትክክል አይሆንም። ማዳመጫ ምኑን እንደሚዘጋና ምኑን እንደሚያሳልፍ ማወቅ ይቀድማል። እኛ ደግሞ ስንገዛ የምንጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «ቤዙ ይመታል?»

እስቲ ከራሴ ልጀምር። ዘጠነኛ ክፍል እያለሁ ከአንድ ሱቅ በደረቴ በ50 ብር የገዛኋት ማዳመጫ ነበረችኝ። ጠንካራ ፕላስቲክ ናት፤ ጆሮ ላይ ትንጠለጠላለች እንጂ አትገጥምም። ከኮተቤ አራት ኪሎ በሚኒባስ ስመላለስ የሞተሩ ጉርምርምታ፣ የረዳቱ ጥሪ፣ የሾፌሩ ሬዲዮ፣ ከጎኔ የተቀመጡት እትዬ የስልክ ወሬ... ሁሉም ከነጓዙ ይገባል። ታዲያ ምን አደርጋለሁ? ድምፁን እጨምራለሁ። ስልኩ «ከዚህ በላይ ለረጅም ጊዜ ማዳመጥ ጆሮ ሊጎዳ ይችላል» ብሎ ሲያስጠነቅቀኝ «እሺ» የምትለዋን ተጭኜ አሁንም እጨምራለሁ። (እሺ ብሎ እምቢ ማለትን ከዚያ ነው የተማርኩት።) እንዲህ እንዲህ እያልኩ ዓመታት ሄዱ። በ24 ዓመቴ አንድ ሌሊት መብራት ጠፍቶ ሰፈሩ ሁሉ ጸጥ ባለበት፣ ከሩቅ ፌንጣ የሚጮህ መሰለኝ። መስኮቱን ዘጋሁ፤ አልቆመም። ትራሱን ጆሮዬ ላይ ጫንኩ፤ ጭራሽ ባሰ። ለካ ፌንጣው ውስጥ ኖሯል!

ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። በውስጠኛው የጆሮ ክፍል ድምፁን ተቀብለው ወደ አንጎል የሚያስተላልፉ ፀጉር መሰል ጥቃቅን ሕዋሳት እንዳሉ፣ የሰው ልጅ ላይ ደግሞ አንዴ ከሞቱ መልሰው እንደማይበቅሉ ነገሩኝ። የራስ ፀጉር እንኳ ተላጭቶ ይበቅላል። ይኼኛው አይበቅልም። ያለውን ጠብቅ ተብዬ ወጣሁ።

ልኩ ስንት ነው ለምትሉ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ከዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ ያደረገው መለኪያ ለአዋቂ ሰው የሚፈቅደው 80 ዲሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው። ይኼ ሲሰማ ብዙ ይመስላል። ግን ድምፁ 3 ዲሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይወርዳል። 83 ላይ 20 ሰዓት፣ 86 ላይ 10፣ 89 ላይ 5፣ 92 ላይ ሁለት ሰዓት ተኩል፤ ያውም በቀን አይደለም፣ በሳምንት! ታክሲ ውስጥ ትንሽ ከፍ ማድረግ ማለት የሳምንት ቀለብን በሁለት ቀን ጨርሶ ማደር ማለት ነው።

ስለዚህ ጩኸት የሚያስገባ ማዳመጫ ርካሽ አይደለም፤ ቀሪውን ሒሳብ የሚቀበለው ከጆሮ ነው። ሌላም ተንኮል አለው። የሞተር ድምፅ ወፍራም ነው። ወፍራም ድምፅ ደግሞ ቀድሞ የሚሸፍነው የሙዚቃውን ወፍራም ድምፅ፣ ማለትም ቤዙን ነው። እኛ «ይኼ ነገር ቤዝ የለውም» እንልና ቤዝ የሞላበት እንገዛለን፤ ቤት ገብተን ስንከፍተው ከበሮ ውስጥ የተቀመጥን እንመስላለን። ጩኸቱን ብንዘጋው ኖሮ ቤዙ በራሱ ጊዜ ይመጣ ነበር። እኔ እንግዲህ ከሻጮቹ ጋር የማልስማማው እዚህ ላይ ነው። እነሱ መጀመሪያ ቤዙን ያሰሙሃል። እኔ ግን «መጀመሪያ ምን ያህል ይዘጋል በል፣ ስለ ጠባዩ ከዚያ በኋላ እናወራለን» እላለሁ።

አዘጋጉን በአጭሩ ልንገራችሁ። እንደኔዋ ባለ 50 ብር የምትንጠለጠለው ማዳመጫ የምትዘጋው ነገር የለም ብትሉ ይቀላል። የጎማ ቆብ ኖሯት ጆሮ ቀዳዳ ውስጥ የምትገባው ግን በደንብ ከገጠመች ከ20 ዲሲቤል በላይ ልትቀንስ ትችላለች፤ በተለይ ቀጭኑን ድምፅ፣ የግራይንደርና የፉጨት ዓይነቱን። «በደንብ ከገጠመች» የሚለውን አስምሩበት። ካርቶኑ ውስጥ ትንሽ፣ መካከለኛና ትልቅ ቆብ አለ አይደል? ዘጠና በመቶው ሰው (ቆጥሬ አይደለም፣ ጓደኞቼን አይቼ ነው) ተገጥማ በመጣችው መካከለኛዋ ይቀጥልና ሌሎቹን ከካርቶኑ ጋር ይጥላል። እኔ ለግራ ጆሮዬ መካከለኛ፣ ለቀኙ ትልቅ ነው የሚሆነኝ። ሁለቱ ጆሮ እኩል ነው ያለው ማነው? ቆቧ ካልገጠመች ጩኸቱ ይገባል፣ ቤዙም በዚያው ቀዳዳ ሾልኮ ይወጣል። «ቤዝ የለውም» ተብሎ ለታናሽ ወንድም የተሰጠ ስንት ማዳመጫ ጥፋቱ የቆብ ነበር! መፈተኛው ቀላል ነው፤ ሙዚቃ ሳትከፍቱ ሁለቱንም አድርጋችሁ «እምምም» በሉ። የራሳችሁ ድምፅ እንደ ጋን ውስጥ ካስተጋባ ገጥማለች። እንደ ወትሮው ከተሰማችሁ ቆብ ቀይሩ።

ጆሮን በሙሉ የሚከድነው ትልቁ ዓይነትስ? ጥሩ ነው፣ ምቾትም አለው። ትራሱ ግን ከቆዳችሁ ጋር መገናኘት አለበት። ሹሩባ የተሠራች፣ ሻሽ ያሰረች፣ ሂጃብ ያደረገች፣ ወይም እንደኔ መነጽር ያለው ሰው ከትራሱ ሥር መንገድ ይከፍታል፤ ጩኸቱ በዚያ መንገድ ይገባል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የጆሮ ውስጧ ትሻላለች። ጀርባው ክፍት የሆነ ማዳመጫም አለ። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1968 ወጥቶ የነበረው የዜንሃይዘር ኤችዲ 414 ነው። ድምፁ ልክ ክፍሉ ውስጥ ያለ ይመስላል ይባልለታል፣ እውነትም ነው። ነገር ግን የውጩን ሁሉ ያስገባል፣ የአንተንም ሙዚቃ ለጎረቤት ያስወጣል። ጸጥ ያለ የግል ክፍል ላለው ሰው የተሠራ ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው በመሀላችን ካለ እንኳን ደስ አለህ።

አሁን ሁሉም የሚያወራው በኤሌክትሪክ ድምፅ ስለሚያጠፋው ነው። ነገሩ የተጀመረው አውሮፕላን ላይ ነው። አማር ቦዝ የሚባሉት አሜሪካዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1978 ከአውሮፓ ወደ አገራቸው ሲበሩ አየር መንገዱ ማዳመጫ ይሰጣቸዋል። የሞተሩ ጩኸት አላሰማ ቢላቸው እዚያው መቀመጫቸው ላይ ወረቀት አውጥተው ሒሳቡን መሥራት ጀመሩ። ለአብራሪዎች የሚሆነው ገበያ ላይ የወጣው በ1989፣ ለተራው መንገደኛ የደረሰው ደግሞ በ2000 ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ማይክሮፎኑ የውጩን ጩኸት ይሰማል፣ ማሽኑ የዚያን ጩኸት ግልባጭ ያወጣል፣ ሁለቱ ሲገናኙ ይጣፋሉ። ይኼ ዘዴ የሚዋጣለት ግን በወፍራሙና በማያቋርጠው ድምፅ ላይ ነው። ቀጭን ድምፅና ድንገተኛ ጩኸት ላይ ይሰንፋል፤ የሰው ንግግርም ቢሆን ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም።

ይኼን በገዛ ጆሮዬ ያረጋገጥኩት አንድ ዱባይ የሚሠራ አብሮ አደጌ ለዕረፍት ሲመጣ ነው። ማዳመጫውን አውሶኝ ታክሲ ውስጥ አደረግኩት። ቁልፉን ስጫን ሞተሩ የጠፋ መስሎኝ ደነገጥኩ፣ ቆምን ብዬ ወደ ውጭ ሁሉ አይቻለሁ። መኪናው እየሄደ ነው። የረዳቱ «ሜክሲኮ ሜክሲኮ ሜክሲኮ!» ግን ፍንትው ብሎ ይሰማል። አገር ሁሉ ጸጥ ብሎ ረዳቱ ብቻ የቀረ ነው የመሰለኝ።

ስትገዙ አንድ ማታለያ ተጠንቀቁ። ካርቶኑ ላይ «ኤ-ኤን-ሲ» እና «ኢ-ኤን-ሲ» የሚሉ ምሕፃረ ቃላት አሉ። በአንዲት ፊደል ነው የሚለያዩት። የመጀመሪያው እስካሁን የነገርኳችሁ ነው። ሁለተኛው ግን ስልክ ስታወሩ ወዲያ ማዶ ላለው ሰው ድምፃችሁን የሚያጠራ ነው፤ ለእናንተ ጆሮ የሚዘጋው ነገር የለም። ሻጩ «ያው ነው» ካላችሁ ያው አይደለም። ጀነሬተር ወይም ሞተሩ የተነሣ መኪና አጠገብ ቁሙ፣ ሙዚቃ አትክፈቱ፣ ቁልፉን ተጫኑት። ጉርምርምታው ካልወረደ ገንዘባችሁን ኪሳችሁ መልሱ።

እሺ፣ መዝጋቱን ጨረስን። ጠባዩስ?

ማዳመጫ እንደ ሰው ጠባይ አለው። ገበያውን የሞላው «ሸለቆ» ያልኩት ዓይነት ነው። ወፍራሙ ድምፅ ተራራ፣ ቀጭኑ ድምፅ ተራራ፣ ዘፋኙ መሀል ሸለቆ ውስጥ ቀርቶ ድረሱልኝ ይላል። ሱቅ ውስጥ ለግማሽ ደቂቃ ስትሰሙት ያስደንቃል። ለሁለት ሰዓት ስትሰሙት ራስ ያዞራል። ሌላው ሙቅ ነው፤ ቤዙ ለስለስ ብሎ ከፍ ያለ፣ ቀጭኑ ዝቅ ያለ። ለረጅም ጊዜ የሚመቸው ይኼ ነው፣ ሲበዛ ግን እንቅልፍ ያመጣል። ቀጥ ያለም አለ፤ የተቀረጸውን እንዳለ የሚነግርህ፣ ስቱዲዮ የሚወዱት። ሾን ኦሊቭ የሚባሉ ተመራማሪ ሃርማን ኩባንያ ውስጥ ከባልደረቦቻቸው ጋር ብዙ አድማጮችን ሰብስበው ሲፈትኑ፣ አብዛኛው ሰው የመረጠው ጥሩ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ጥሩ ስፒከር የሚመስለውን፣ ቤዙ መጠነኛ ከፍ ያለውን ድምፅ ነው። ቤዝ መውደድ ነውር አይደለም ማለት ነው። ልኩን ማጣቱ ነው ነገሩ።

ሱቅ ስትሄዱ ሻጩ በሚከፍትላችሁ ዘፈን አትፍረዱ። እሱ ማዳመጫው የሚያምርበትን መርጦ ነው የያዘው። እኔ ስልኬ ላይ ሁልጊዜ ሁለት ነገር ጭኜ ነው የምሄደው። አንዱ በገና ነው። አትሳቁ! በገና ወፍራም ነው፤ ግን ዝም ብሎ ወፍራም አይደለም። በአውታሩ ሥር የምትገባዋ እንዝራ የምትባል የቆዳ ቁራጭ የምትሰጠው «ዝዝዝ» የሚል ንዝረት አለው። የዓለሙ አጋን በገና ክፈቱ። ደህና ማዳመጫ ከሆነ አውታሩ ለብቻ፣ ንዝረቱ ለብቻ፣ ድምፃቸው ለብቻ ይሰማል። ቤዝ ብቻ የታጨቀበት ከሆነ ሦስቱም ጉም ሆነው ይመጣሉ። ሁለተኛው የጥላሁን ገሠሠ ወይም የአስቴር አወቀ አንድ የማውቀው ዘፈን ነው። እዚያ ላይ «ሰ» እና «ሸ» የሚሉትን ፊደላት አዳምጣለሁ። እንደ መርፌ ጆሮ የሚወጉ ከሆነ የማዳመጫው ቀጭን ድምፅ ከልክ አልፏል። «ሰ»ው «ፈ» ከመሰለ ደግሞ ቀጭኑ ጎድሏል። ሁለት ማዳመጫ ስታወዳድሩ ድምፃቸውን እኩል አድርጉ፤ ጆሮ ቂል ነው፣ ምንጊዜም ጮኽ ያለውን «ይሄ ይሻላል» ይላል። ገመድ ያለው ይሻላል ገመድ የሌለው ለሚለው ጭቅጭቅ ቦታ የለኝም። ገመዱ መሰኪያው ሥር ይበጠሳል፣ ገመድ አልባው አንዱ ቦይ ውስጥ ይወድቃል። ምረጡ።

ወንድሜ፣ አሁን ወዳንተ ልመለስ። እስካሁን ለሌላው የምናገር መስዬ ላንተው ነበር ስናገር የቆየሁት።

የጠየቅከው ነገር አዲስ እንዳይመስልህ። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ1979 የመጀመሪያውን ዎክማን ሲያወጣ ላዩ ላይ አንዲት ብርቱካናማ ቁልፍ ነበረችው። እሷን ስትጫናት ሙዚቃው ዝቅ ይልና በትንሽ ማይክሮፎን አጠገብህ ያለው ሰው ድምፅ ይገባልሃል። (ሁለት ሰው አብሮ እንዲሰማ ሁለት መሰኪያም ነበረው። ዛሬ ታክሲ ውስጥ አንዷን ለሷ አንዷን ለሱ እየተካፈሉ የሚሄዱ ጥንዶች ግማሽ ዘፈን ነው የሚሰሙት።) ቁልፏ ኋላ ኋላ ቀረች። ዛሬ ደግሞ ውድ ውዶቹ ላይ «ትራንስፓረንሲ» በሚል ስም ተመልሳ መጥታለች። ችግሩ፣ እናትህን የሚያስገባልህ ማይክሮፎን ግሮሰሪውንም አብሮ ያስገባልሃል።

ያንተ ሁለቱ ጎረቤቶች አንድ ዓይነት አይደሉም። ግራይንደሩ ቀጭን ነው፤ ያለህ የጎማ ማዳመጫ በቂው ነው። የግሮሰሪው ቤዝ ወፍራም ነው፤ ጎማው ብዙም አይመልሰውም፣ ስለዚህ ሙዚቃ ደረብክበት። ያን ሌሊት የእናትህን ድምፅ የወሰደው ጎማው ብቻ አይደለም፣ ሙዚቃውም ነው። በኤሌክትሪክ የሚያጠፋው ቢኖርህና ሙዚቃ ባትከፍት ቤዙ ወርዶ የሰው ድምፅ ያልፍ ነበር። ጥያቄህን በወረቀት ላይ የሚመልሰው ይኼ ነው። ብር ተበድረህ ግዛ ግን አልልህም። ለምን መሰለህ? አስም የተነሣበት ሰው ጮኾ አይጠራም። ትንፋሽ የለውማ! እናትህ ያን ሌሊት ጠራችህ ያልከኝ ጥሪ ምናልባት ከመጋረጃው እምብዛም ያላለፈ ሹክሹክታ ነበር። ለሹክሹክታ የምተማመንበት ማዳመጫ አላውቅም።

ስለዚህ እንዲህ አድርግ። ማዳመጫህን ከቁም ሣጥኑ አውርደው። ግራይንደሩ በሚጮህበት ሰዓት፣ ከእህቶችህ አንዷ ነቅታ ቤት ካለች፣ ሳትሳቀቅ አድርገህ አጥና። ማታ ደግሞ ወንበርህን አዙረው። መጋረጃውን ሰብሰብ አድርገህ ፊትህን ወደ እናትህ አልጋ አድርገህ ተቀመጥ። አንተው እኮ ነግረኸኛል፣ በሩን የከፈትከው ሰምተህ አይደለም፣ ሲነቃነቅ አይተህ ነው። ዓይንህን ማንም አልደፈነውም። የእናትህ ስልክ ትራሷ አጠገብ ይደር፣ ያንተ ቁጥር በአንድ ቁልፍ የሚደወል ይሁን። ሚስኮል ታድርግልህ፤ ሙዚቃው ተቋርጦ ጆሮህ ውስጥ ነው የሚጠራው። ኔትወርክና ባትሪ የሚያደርጉትን ስለምናውቅ ግን በሱ ብቻ አትደገፍ፤ የእጅ ባትሪም አጠገቧ አስቀምጥላት፣ መጋረጃው ላይ ታብራልህ። ፓፏ በክር ታስሮ አልጋው ራስጌ ላይ ይንጠልጠል፣ ሁለተኛ አልጋ ሥር እንዳይገባ። ከእህቶችህ ጋርም ተነጋገሩና በየምሽቱ አንድ ተረኛ ጆሮ ይኑራችሁ። ተረኛ የሆነ ሰው ጆሮው ላይ ምንም አያደርግም። አንተ ተረኛ በሆንክበት ቀን ግሮሰሪውን ትችለዋለህ፣ ሌላ ምን ይደረጋል? ደግሞ ሌሊት ሌሊት የሚነሣ አስም መድኃኒቱ መስተካከል እንዳለበት ምልክት ነውና ከፈተናህ በፊት ጤና ጣቢያ ይዘሃት ሂድ።

የቀረው ያልጠየቅከኝ ነገር ነው። ንገራት።

«ጥፋቴ ነው ወይ» ብለህ አልጻፍክም፤ ግን በየመስመሩ መሀል አንብቤዋለሁ። እኔ ዳኛ አይደለሁም፣ 12ኛ ክፍል ጨርሼ ጋዜጣ ላይ የምለቃልቅ ሰው ነኝ። በአንዲት ክፍል ውስጥ አራት ሆኖ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ የሚያጠናን ልጅ ምን ብዬ ልውቀሰው? ንገራት ያልኩህ ንስሐ እንድትገባ አይደለም። እስቲ አስበው፤ እናትህ ልጄ ደክሞት ነው የተኛው ብላ አምናለች። በሚቀጥለው ጊዜ ሲነሣባት «ይተኛ፣ አልቀስቅሰው» ብላ ጭራሽ ሳትጠራህ ብትቀርስ? እናቶቻችንን አታውቃቸውም? ሚስኮሉም፣ ባትሪውም፣ ተረኛው ጆሮም የሚሠሩት እሷ ነቅተህ እንዳለህ ካወቀች ነው።

ከኋላችሁ ያሉት ሴትዮ ዝም ያሉት አንተው እንድትናገር እየጠበቁህ ይመስለኛል። ቡና ላይ ከነገርካት ይቀልሃል፤ ማዳመጫውንም ይዘኸው ግባ፣ ጆሮዋ ላይ አድርግላትና ምን ያህል እንደሚዘጋ ትስማው። መካከለኛዋ ቆብ ካልገጠመቻት ትንሿን ሞክርላት።

ምን እንዳለችህ ጻፍልኝ። ፈተናህ መቼ እንደሆነም አልነገርከኝም።

ሽማግሌዎቹ ሳምንት ይመጣሉ። እስከዚያው በሰላም ያገናኘን።